የባሕሩ ብርሃን ለማን ይብራ?

ወደብ የሌለው አገር ሰው ስለ ውቅያኖስ ቴክኖሎጂ ማውራት ሲጀምር መጀመሪያ የሚገጥመው ሳቅ ነው። «የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ተቀምጠህ ስለ ባሕር ውስጥ ብርሃን ትጨነቃለህ?» ይሉታል። ሳቁን አልጠላውም። የከተማችን ሳቅ አንዳንዴ ከከተማችን ጥናታዊ ጽሑፍ የበለጠ እውነት ይዞ ይገኛል። በዚህ ጉዳይ ግን ስቷል። ከሳቁ ይልቅ ደግሞ የሚያሳስበኝ ከወዲያኛው ወገን የሚሰማው ጭብጨባ ነው፤ አዲስ መሣሪያ በተፈጠረ ቁጥር «ለሰው ልጅ ሁሉ» እያለ የሚያጨበጭበው። ሳቂውም አጨብጫቢውም አንዱን ጥያቄ ሳይጠይቁ ያልፋሉ፤ ባሕሩ ላይ የሚለኮሰው ብርሃን የሚበራው ለማን ነው?

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሞባይላችንም ሬድዮናችንም የሚሠሩበት የሬድዮ ሞገድ ጨው ውኃ ሲነካው ይሞታል። ግድግዳ ጥሶ ከጎረቤት ቤት የሚመጣው ዋይፋይ ባሕር ውስጥ ብዙም ሳይራመድ ይጠፋል። ስለዚህ ከባሕር በታች ያለ መሣሪያ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚነጋገረው በድምፅ ነው። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ይገሰግሳል፤ በአየር ከሚሄድበት ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ርቀትም ብዙ አያሸንፈውም። ጉድለቱ ሸክም አለመቻሉ ነው። ጥቂት ቁጥሮች ለመላክ ደህና ነው፤ ተንቀሳቃሽ ምስል በድምፅ ልላክ ማለት ግን ጎተራ ሙሉ ጤፍ በሻይ ማንኪያ እየሰፈሩ ማጓጓዝ ነው።

ብርሃን ሌላ ጠባይ አለው። ባሕር ቀዩን ብርሃን ቶሎ ይውጠዋል፤ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ግን ያሳልፈዋል። አሜሪካዊው ሳይበርት ዳንትሊ በ1963 ባሳተመው ጥናት ይህን መስኮት በሚገባ አሳይቷል። በዚህ መስኮት የገባ የሌዘር ጨረር በድምፅ ሰዓታት የሚፈጀውን መልእክት በሰከንዶች ያደርሰዋል። የሚከፈለው ዋጋ ርቀት ነው፤ ጥርት ባለ ውቅያኖስ ቢበዛ መቶ ሁለት መቶ ሜትር፣ በደፈረሰ የወደብ ውኃ ደግሞ ጥቂት ሜትር ብቻ። ጠበብቱ ለዚህ ያገኙት መላ ቅብብል ነው። ከታች ሰርጓጅ ድሮኖች የውኃውን ሙቀት፣ ጨዋማነትና ፍሰት እየለኩ ይዋኛሉ። ከላይ በራሪ ድሮን ያንዣብባል፤ ከታች የተወረወረለትን ጨረር ተቀብሎ ለመርከቡ፣ ለዳርቻው ወይም ለሳተላይቱ ያቀብላል።

ሲነገር ቀላል ነው። የባሕር ገጽ ግን መስተዋት አይደለም። ማዕበሉ በተነሣ ቁጥር ጨረሩን ወዲያና ወዲህ ያጣምመዋል፤ አረፋው ይበትነዋል፤ የቀትር ፀሐይ የመቀበያውን ዓይን ታውረዋለች፤ በራሪው ድሮንም ባትሪው ሳያልቅበት ወደ ቤቱ መመለስ አለበት። ቢሆንም ጉዳዩ የሕልም ጉዳይ አይደለም። ከጅዳ በስተሰሜን፣ ቱዋል በምትባለው የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በ2009 የተከፈተው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ ስማቸው ከሚጠራ ቤተ ሙከራዎች አንዱን ይዟል። ተመራማሪዎቹ በ2020 «አኳ ፋይ» ያሉትን፣ ኢንተርኔትን በብርሃን ወደ ውኃ ውስጥ የሚያስገባ ሥርዓት አስተዋውቀዋል። ልቡ ራስበሪ ፓይ የተባለችው፣ ተማሪዎች የሚለማመዱባት ትንሽና ርካሽ ኮምፒዩተር ነበረች። ሙከራው በጸጥተኛ ውኃ፣ በጥቂት ሜትር ርቀት ነው የተደረገው። «ይኼ ደግሞ ምን ሙከራ ነው» የሚል ካለ፣ የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላንም በ1903 መጀመሪያ ስትነሣ አየር ላይ የቆየችው 12 ሰከንድ ነበር።

ነገሩ አዲስ የሚመስለውም ስለረሳነው ነው። የስልኩ ሰው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በ1880 ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ የሰው ድምፅ በፀሐይ ጨረር ላይ አሳፍሮ 213 ሜትር ርቆ ላለ ሰው አሰምቷል፤ ያለ አንዳች ሽቦ። «ፎቶፎን» ያለውን ያንን መሣሪያ ከስልኩ አስበልጦ ይኮራበት ነበር ይባላል። ደመናና ጉም አሸነፉት፤ ዓለምም ሽቦውን መረጠች።

አሁን ወደ አጨብጫቢዎቹ ልምጣ። የሚሉትን በሐቅ ላስቀምጥ። በብርሃን የተሳሰሩ ድሮኖች የኮራሉን ጤንነት በየዕለቱ ያያሉ፣ የሚያፈስ የነዳጅ ቧንቧ ሳይውል ሳያድር ያገኛሉ፣ የባሕሩን ሙቀት ከሥሩ ለክተው የዝናቡን ትንበያ ያሻሽላሉ ይላሉ። ይህ ሁሉ ይቻላል። እኔ አንድ ልጨምርላቸው፤ ብርሃን አይጮህም። በመጋቢት 2000 በባሃማስ ደሴቶች 17 ዓሣ ነባሪዎችና ዘመዶቻቸው ዳርቻ ላይ ወጥተው ተገኙ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ራሱ በተካፈለበት ምርመራ፣ ጦሱ የጦር መርከቦቹ የለቀቁት የሶናር ድምፅ መሆኑ ታመነ። በጆሮ ለሚኖር እንስሳ ዝምተኛ መሣሪያ እረፍት ነው። እንግዲህ መሣሪያውን የሚጠላ ሰው አይደለም የሚጽፈው። የቱዋል ተመራማሪዎችንም ሆነ ሌሎች መሰሎቻቸውን በምንም አልከስም፤ ሥራቸው የሚደነቅ ነው። ጠቤ «ለሰው ልጅ ሁሉ» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው።

ስለ ባሕር የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር መጀመሪያ ያወቀው ማን ነው? ዓሣ አጥማጁ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ መምህሩም አይደለም። ባሕር ኃይል ነው።

ማሪ ታርፕን እናንሣ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የላሞንት ተቋም ባልደረባ የነበረችው ይህች ሴት፣ ሴት በመሆኗ ለዓመታት ወደ ምርምር መርከብ እንዳትወጣ ተከልክላ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ወንዶቹ ከባሕር ያመጡላትን የጥልቀት ቁጥሮች እያየች የውቅያኖስን ወለል ሣለች። በአትላንቲክ መካከል የሚሄደውን ታላቅ ስንጥቅ ለይታ ያየችው እሷ ናት። መጀመሪያ ነገሩን «የሴት ወሬ» ብሎ ያጣጣለባት የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን ኋላ አመነ። ስንጥቁ ደግሞ በሕንድ ውቅያኖስ ዞሮ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብቶ፣ ከእኛው ስምጥ ሸለቆ ጋር ይገጥማል። የዝዋይና የላንጋኖ ባለቤት የሆነ ሰው ባሕር አይመለከተኝም ማለት እንደማይችል ያኔውኑ ተጽፎ ነበር። ታርፕ ካርታዋን በጥልቀት መስመርና በቁጥር ልታወጣው አልቻለችም። ቁጥሮቹን የአሜሪካ መንግሥት በ1952 ምሥጢር አድርጓቸዋል፤ ምክንያቱ ሰርጓጅ መርከብ ነው። እሷም ቁጥሩን ትታ ተራራውንና ገደሉን ከላይ ሆኖ እንደሚያየው ሰው አድርጋ በእጇ ሣለችው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ የሚሰቀለው ያ ውብ ሥዕል ውበቱን ያገኘው ከሳንሱር ነው። ስለ ሳንሱርና ስለ ውበት ዝምድና የአገራችን ደራስያንም የሚሉት ብዙ ነገር ይኖራቸዋል፤ እዚህ ግን ቦታው አይደለም።

ሌላም ልጨምር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ አሜሪካኖች በውቅያኖስ ወለል ላይ የማዳመጫ መረብ ዘርግተው የሶቭየት ሰርጓጅ መርከቦችን ኮቴ ያዳምጡ ነበር። መረቡ መኖሩ እንኳ በይፋ የታመነው በ1991 ነው። ሲከፈት ተመራማሪዎች አንዱን ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ በድምፁ ብቻ ለሳምንታት ተከታተሉት። ለአርባ ዓመት ያህል ዓሣ ነባሪው ሲዘምር ይሰማ የነበረው ወታደር ነበር፤ ሥራው ስላልሆነ ግን አላዳመጠውም። የባሕሩን ገጽ ከፍታና ዝቅታ ከሰማይ የለካችው ጂኦሳት የተባለችው ሳተላይትም እንዲሁ ናት። በ1985 ወደ ሰማይ የተላከችው በባሕር ኃይሉ ነው፤ ዋናው መረጃዋ ለሕዝብ የተለቀቀው በ1995 ነው። የተለቀቀውም በደግነት አይደለም። የአውሮፓ ሳተላይት ተነሥታ ያንኑ ስለለካች ምሥጢሩ ምሥጢር መሆኑ ቀረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ሳይንቲስቶች ከዚያ መረጃ የዓለምን ውቅያኖስ ወለል ካርታ አወጡ። አሥር ዓመት በካዝና ውስጥ የተኛው ዕውቀት ይህን ያህል ነበር።

የብርሃኑም ነገር ከዚህ ቤተሰብ ነው። ከአየር ወደ ውኃ ሰማያዊና አረንጓዴ ሌዘር መላክ በኮራል አፍቃሪዎች አልተጀመረም። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከአውሮፕላን ወደ ሰጠመ ሰርጓጅ መርከብ በሌዘር መልእክት መላክን ሞክሯል። ዛሬ አውሮፕላኑ ድሮን ሆነ፤ ሰርጓጁም ድሮን ሆነ። አሳቡ ያው ነው።

የክርክሬ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ድምፅ በባሕር ውስጥ ሐሜት አይችልም። የተለቀቀውን ሁሉ ማንም ይሰማዋል፤ ጠላትም፣ ወዳጅም፣ ዓሣ ነባሪም፣ ማዳመጫ ገመድ ከጀልባው ያንጠለጠለ ድሃ ተማሪም። ሌዘር ግን ሹክሹክታ ነው። ቀጭን ነው፤ ጨረሩ መንገድ ላይ ያልቆመ አይሰማውም፤ ከጥቂት መቶ ሜትር በኋላም ዱካው የለም። ይህንን መሐንዲሶቹ ራሳቸው «ደኅንነቱ የተጠበቀ» ብለው ከምስጋናዎቹ መካከል ይጽፉታል። ለባንክ ደብዳቤ ይህ ምስጋና ነው። የባሕርን ሙቀት ለሚለካ መሣሪያ ግን ምን ማለት ነው? ሙቀቱን ከማን ነው የሚደብቀው? ለሰው ልጅ ሁሉ የሆነ ዕውቀት በሹክሹክታ መነገር ለምን አስፈለገው?

መልሱን በጎረቤታችን ውኃ ላይ የሆነው ይናገራል። በጥር 2018 የየመን ሁቲዎች ከባሕር ያጠመዱትን ቶርፔዶ የሚመስል የአሜሪካ ሰርጓጅ ድሮን በቪዲዮ አሳዩ። በመስከረም 2021 መቀመጫው ባሕሬን የሆነው የአሜሪካ አምስተኛ የባሕር ኃይል ጓድ ሰው አልባ መሣሪያዎችን የሚያሰማራ ልዩ ግብረ ኃይል አቋቋመ። ዓመት ሳይሞላ፣ ከነሐሴ ወደ መስከረም 2022 ሲሻገር፣ ኢራን በመጀመሪያ በባሕረ ሰላጤው፣ ቀጥላ በዚሁ በቀይ ባሕር በሸራ የሚሄዱ የአሜሪካ ሰው አልባ ጀልባዎችን ይዛ መልሳ ለቀቀች። ሴይልድሮን የሚባለው የዚያ ጀልባ ዓይነት በሌላው ባሕር ላይ የአየር ንብረት ጥናት የሚያደርግ፣ ወደ አውሎ ነፋስ ውስጥ ገብቶ የሚለካ መሣሪያ ነው። ጀልባው አንድ ነው፤ ቆቡን ይቀያይራል። በታኅሣሥ 2016 ደግሞ ቻይና በፊሊፒንስ አጠገብ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተንሸራታች ድሮን ያዘች። የአሜሪካ ባለ ሥልጣናት «ይህ እኮ ምሥጢር የለበትም፤ የውኃውን ሙቀት፣ ጨዋማነትና ጥራት ብቻ ነው የሚለካው» አሉ። ቻይናም ከቀናት በኋላ መለሰችው።

እውነታቸውን ነው፤ ሙቀትና ጨዋማነት ነው የሚለካው። ጉዱም ይኸው ነው። ድምፅ በባሕር ውስጥ የሚታጠፈው በሙቀትና በጨዋማነት ነው፤ ስለዚህ ሰርጓጅ መርከብ የት እንደሚደበቅና የት እንደሚገኝ የሚወስኑት እነዚሁ ቁጥሮች ናቸው። ቦረና ላይ ዝናብ ይዘንብ ወይም አይዘንብ እንደሆነ ለማወቅም የሚያስፈልጉት እነዚሁ ቁጥሮች ናቸው። የአዳኙ ቁጥርና የአርብቶ አደሩ ቁጥር ተመሳሳይ ብቻ ሳይሆኑ አንድ ናቸው። መሣሪያውን የገዛው አዳኙ ከሆነ፣ አርብቶ አደሩ ቁጥሩን የሚያገኘው መቼ ነው? የጂኦሳት መልስ «ከአሥር ዓመት በኋላ» ነበር። ከብት ግን አሥር ዓመት አይጠብቅም።

አሁን ሳቂውን ልመልስለት። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንዲሉ ባሕርን ከረሳነው ቆየን፤ ባሕር ግን አልረሳንም። በ2015 የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ፣ ኤል ኒኞ የተባለው ማለት ነው፣ የእኛ ክረምት ከዳን፤ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእህል ርዳታ ጠባቂ ሆነ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፓስፊኩ በተቃራኒው ቀዘቀዘ፤ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት ወቅት ተከታትሎ ዝናብ ጠፋ፤ ከብቱ በሚሊዮን አለቀ። በግንቦትና በጥቅምት 2018 ከዓረብ ባሕር የተነሡት ሜኩኑና ሉባን የተባሉት አውሎ ነፋሶች ሰው በማይኖርበት የዓረብ በረሃ ውስጥ ዝናብ አፈሰሱ። በረሃው ለመለመ፤ አንበጣው ማንም ሳያየው ተራባ፤ የመንን አዳርሶ ባሕር ተሻግሮ በ2019 ወደ እኛ ገባ። በሐረርጌና በወሎ ማሽላውን የበላው አንበጣ የዘር ሐረጉ ከሞቀ ባሕር ይመዘዛል። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎቻችን የክረምቱን ትንበያ ሲያወጡ በቅድሚያ የሚያዩት የሩቁን ውቅያኖስ ሙቀት እኮ ነው። «ባሕር የለንም» የሚለው አነጋገር ለካርታ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለማሽላ ግን ውሸት ነው።

መለኪያው ሲጠፋ የሚሆነውንም አይተናል። በፓስፊክ ወገብ ላይ 70 የሚጠጉ የታሰሩ ተንሳፋፊ ጣቢያዎች ተዘርግተው ነበር፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኤል ኒኞን አስቀድመው የሚያዩ ዓይኖች ናቸው። በ2012 ጠጋኟ የአሜሪካ መርከብ በበጀት ምክንያት ከሥራ ወጣች። ጣቢያዎቹ አንድ በአንድ ዝም እያሉ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚመጣው መረጃ ከግማሽ በታች ወረደ። ያ ሁሉ የሆነው ከ2015ቱ ድርቅ ዋዜማ ላይ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ አንድ የበጀት መስመር ስትሰረዝ ትግራይና አፋር ላይ ምን ሊከተል እንደሚችል ያሰበ ሰው ነበር ብዬ አላምንም። በሕንድ ውቅያኖስም ተመሳሳይ መረብ ሲዘረጋ ምዕራባዊው ጠርዝ፣ ማለትም የእኛው ደጃፍ፣ ከሌላው ይልቅ ባዶ ሆኖ የቆየው በሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ምክንያት ነው። መርከብ መሄድ ፈራች። ድሮን ይህን ፍርሃት አያውቅም፤ ለዚህም ነው መሣሪያውን የማልጠላው። ማንም ይፈልገዋል ቢባል ከሁሉ በፊት የምንፈልገው እኛ ነን።

«መረጃ ገንዘብ ያወጣል፤ ያወጣውም ባለቤት ነው» የሚል ተከራካሪ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ወግ ያለው ክርክር ነው። መልሱ አርጎ ይባላል። ከ1999 መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ በርካታ አገሮች ተባብረው ወደ ውቅያኖሶች የጣሏቸው፣ ዛሬ 4000 የሚደርሱ ተንሳፋፊዎች አሉ። እያንዳንዱ ሰጥሞ አንድ ሺህ ሜትር ላይ ይንሳፈፋል፤ በየአሥር ቀኑ እስከ ሁለት ሺህ ሜትር ወርዶ ሙቀትና ጨዋማነት እየለካ ይወጣል፤ ለሳተላይት ይናገራል። አብዛኛው መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ ለማንም፣ በነጻ፣ ያለ ፈቃድ ክፍት ነው። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ከሞቃዲሾ ወዲያ ያለውን ውኃ ሙቀት ዛሬ ማየት ይችላል። አርጎ ጨረር የለውም፣ ድሮን የለውም፣ ፍጥነት የለውም። ያለው አንድ ደንብ ነው፤ የተለካው ሁሉ የሁሉ ነው የሚል። ገንዘቡ እዚያም ወጥቷል፤ ማንም ግን «የእኔ ሙቀት» አላለም። የብርሃኑ መረብ ከአርጎ ሺህ ጊዜ ቢፈጥን፣ ደንቡን ጥሎ የመጣ እንደሆነ ለእኛ የሚጨምርልን ፍጥነት የለም። ሹክሹክታው በፍጥነት ያልፈናል፤ ያ ብቻ ነው።

ይህንን የምለው ለምጽዋት እጅ ለመዘርጋት አይደለም። ሕጉ አለ። በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት፣ በባሕር ዳርቻ አገር ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ውስጥ የሚደረግ ሳይንሳዊ ምርምር የዚያችን አገር ፈቃድ ይፈልጋል ይላል፤ አንቀጽ 246 ነው። ማንም የማይጠቅሰው አንቀጽ 254 ግን ሌላ ነገር ጨምሯል። አጥኚው ለጎረቤት የባሕር በር አልባ አገሮችም ያስታውቅ፤ ሲጠይቁ መረጃውን ይስጥ፤ በተቻለ መጠን ባለሙያዎቻቸው በጥናቱ እንዲካፈሉ ዕድል ይስጥ ይላል። ከስድስቱ ጎረቤቶቻችን አምስቱ ባሕር አላቸው። ሱዳን፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያና ኬንያ ደጃፍ ላይ የሚደረግ እያንዳንዱ የባሕር ጥናት በዚህ አንቀጽ መንፈስ እኛንም ያንኳኳል። ኃያላኑ ከዚህ የሚያመልጡበት ቀዳዳ አላቸው፤ ምርምሩን «የጦር ቅኝት» ብለው ስሙን ይቀይሩታል፤ ያን ጊዜ ፈቃድም ማስታወቂያም የለም። ከላይ የተናገርኩት የቆብ መቀያየር ሕጋዊ ጥቅሙ ይህ ነው። የእኛም ድርሻ አለበት። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1982 ስትፈርም ባሕር ነበራት፤ በ1993 ባሕሩ ሄደ። ከዚያ በኋላ እንኳ፣ ለባሕር አልባዎች የተጻፈው አንቀጽ የእኛ አንቀጽ ከሆነ በኋላ፣ ከፊርማው በኋላ በነበሩት አርባ ዓመታት ስሟ ካጸደቁት መዝገብ አልገባም።

ከ2023 መጸው ወዲህ በየቡና ቤቱ፣ በየጋዜጣው፣ በየመድረኩ ስለ ባሕር በር የማይናገር የለም። እኔ ወደዚያ ክርክር አልገባም፤ ብዙ ጯሂ አለው። የሚገርመኝ ባሕር ሲባል መርከብ የሚቆምበት ሲሚንቶ ብቻ የሚታየን መሆኑ ነው። የራሳችን የንግድ መርከቦች አሉን። በጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መርከበኞች እናሠለጥናለን፤ ልጆቻችን የዓለምን ውቅያኖስ በሞተር ክፍል ውስጥ ሆነው ይዞሩታል። ውቅያኖሱን የሚያሻግር እንጂ የሚያነብ ሰው ግን ስናዘጋጅ አይታይም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የዝናባችን ወሬ ከእኛ ቀድሞ በሌላ ዋና ከተማ ይሰማል፣ ለእኛም ተተንትኖ፣ ታሽጎ፣ ርዳታ ከሚለው ቃል ጋር ተጣብቆ ይመጣል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ የብርሃን መረብ የሚዘረጋ ማንም ሳይንቲስት ወይም ኩባንያ፣ የለካውን ሙቀትና ጨዋማነት በአርጎ ደንብ በ24 ሰዓት ይልቀቅ። ለባሕር ጥናት ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅትም ይህን ሳያስፈርም ብር አይቁጠር። የጦር መሣሪያውን ቦታና መንገድ ይደብቅ፤ የውኃውን ሙቀት ግን አይደብቅ፤ ሁለቱን መለየት የሚያቅተው መሐንዲስ የለም። እዚህ አገር ቤት ደግሞ ስምምነቱን ማጽደቅና አንቀጽ 254ን እንደ መብት መጥቀስ ከአንድ የጦር መርከብ ይልቅ ይረክሳል።

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ነገ ጠዋት አንድ የምርምር ቡድን፣ ሕግ አክባሪ ሆኖ፣ «በጅቡቲ ውኃ ላይ በድሮንና በሌዘር የባሕሩን ሙቀት ለስድስት ወር ልንለካ ነው፤ ባለሙያ መላክ ትፈልጋላችሁን?» ብሎ በአንቀጽ 254 መሠረት ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ደብዳቤው አዲስ አበባ ሲደርስ ተቀብሎ ማኅተም የሚመታበት መዝገብ ቤት የትኛው ነው? ትራንስፖርቱ «የሚቲዎሮሎጂ ነው» ይላል፤ ሚቲዎሮሎጂው «የውጭ ጉዳይ ነው» ይላል፤ ውጭ ጉዳዩ «የመከላከያ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ስድስቱ ወር በዚህ መካከል ያልቃል፤ ድሮኖቹም ለክተው ይሄዳሉ።